መጽሐፉን በምላጭ ለሦስት ከፈልነው

መጽሐፉ የመጣው በሻንጣ ነው። የጎረቤታችን እህት ከለንደን ስትመጣ ከቸኮሌትና ከልጆች ጫማ መሀል ሸጉጣ አመጣችልን። አንድ ፍሬ ብቻ። እኛ ደግሞ ሰባት ነን። አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቡና እየጠጣን ስላነበብነው መጽሐፍ የምንጨቃጨቅ ሰባት ሰዎች። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር አሉን፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ባንክ የምትሠራ ልጅ አለች። ሌሊት መጋዘን የሚጠብቅ ወጣት አለ። ቀሪዎቻችን እንዲሁ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን የምናነብ ሰዎች ነን።

መጽሐፉ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሳምንት ይድረሰን ብንል ሰባተኛው ሰው ገና ሳይገልጠው፣ መጽሐፉ የታጨበት ቡከር የሚባለው የእንግሊዝ የልቦለድ ሽልማት አሸናፊው ይታወቃል። ቀኑ ተቆርጧል፤ የቀረን አምስት ሳምንት ነው። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «ምላጭ አምጡ» አሉ። የቀለዱ መስሎን ሳቅን። አልቀለዱም። ጀርባው ላይ ያለውን ሙጫ ቀስ አድርገው ሰነጠቁና መጽሐፉን ለሦስት ከፈሉት። በማግስቱ ታች ያለው ስቴሽነሪ ሦስቱንም በስፓይራል ጠረዘልን። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ማንበብ ጀመረ።

መጽሐፍ የሚወድ ሰው ይህን ሲሰማ ሳይሰቀጥጠው አይቀርም። እኔንም ሰቅጥጦኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ስለዚያ ልቦለድ አሠራር ካነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ይልቅ ያ ምላጭ ነው ያስተማረኝ። እመለስበታለሁ።

መጽሐፉ የዴቪድ ሶሎይ «ፍሌሽ» ነው። «ሥጋ» ማለት ነው። ያኔ እ.ኤ.አ. በ2025 ለቡከር ሽልማት ከቀረቡት ስድስት የመጨረሻ ዕጩዎች አንዱ ነበር። ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ለንደን ላይ አሸነፈ። በነጋታው ፌስቡክ ላይ ምን እንደነበር መገመት አያቅታችሁም። አንዱ 50,000 ፓውንድ በብር ስንት እንደሚመጣ ያሰላል። ሌላው የደራሲውን ዘር ይቆጥራል። ከዳኞቹ አንዷ የፊልም ተዋናይቷ ሳራ ጄሲካ ፓርከር ስለነበረች ፎቶዋ ከመጽሐፉ ሽፋን በላይ ዞረ። መጽሐፉ ውስጥ ምን አለ? በምን ቋንቋ፣ በምን ስልት ተጻፈ? ስለሱ ያነበብኩት ሁለት መስመር አይሞላም።

ነገሬ እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ለሽልማት የታጨ ልቦለድ ሲገመገም የሚገመገመው ብዙ ጊዜ መታጨቱ ነው። ገጹን የሚገልጥ የለም። ሽልማት ለአንባቢ ከሚሰጠው ነገር ውስጥ ደግሞ ትልቁ አሸናፊው አይመስለኝም። ዝርዝሩ ነው። ዝርዝሩ ወጥቶ አሸናፊው እስኪታወቅ ያለው ጊዜ፣ ያ የመጨቃጨቂያ ጊዜ ነው ትልቁ።

አሠራሩን ትንሽ እንየው። ቡከር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ ብሪታንያ ወይም አየርላንድ ውስጥ የታተመ ረዥም ልቦለድ ይወዳደርበታል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ የደራሲው ዜግነት አይጠየቅም። መጽሐፉን የሚያስገባው አሳታሚው ነው፤ ደራሲ ተነስቶ «የኔንም እዩልኝ» ማለት አይችልም። በ2025 ለአምስቱ ዳኞች 153 መጻሕፍት ቀረቡላቸው። ሐምሌ 22 ቀን አሥራ ሦስቱን አሳወቁ። መስከረም 13 ቀን ወደ ስድስት አወረዱት። ኅዳር 1 ቀን አንዱን መረጡ። ስድስቱ ውስጥ የገባ እያንዳንዱ ደራሲ 2,500 ፓውንድ ያገኛል። 50,000ው የአሸናፊው ነው።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። 153 መጽሐፍ በሰባት ወር ቢነበብ ለአንዱ መጽሐፍ አንድ ቀን ተኩል አይደርሰውም። ለዳኛም ለመጽሐፍም ግፍ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይቀየራል። አሥራ ሦስቱ እንደገና ይነበባሉ። ስድስቱ ለሦስተኛ ጊዜ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ቆሞ የሚገኘው ሦስተኛ ንባብ የቻለ መጽሐፍ ነው። መጨረሻውን ለማወቅ ብቻ የሚያስሮጥ ታሪክ እዚያ ሳይደርስ ይረግፋል። አሸናፊዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበቡ ብዙውን ጊዜ ቀዝቀዝ የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል። ከቃሊቲ እስከ ሳሪስ አንድ እጁን አውቶቡስ ላይ አንጠልጥሎ ለሚያነብ ሰው ታስበው አልተመረጡም። «አልያዘኝም» ብሎ መጽሐፍ መዝጋት የማንም መብት ነው። ግን ሂስ አይባልም።

ወደ ምላጩ ልመለስ።

«ፍሌሽ» የሚጀምረው በአንድ የአሥራ አምስት ዓመት ሀንጋሪያዊ ልጅ ነው። ኢሽትቫን ይባላል። ከእናቱ ጋር አዲስ ከተማ ይገባል። ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ሕንፃ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ማንንም አያውቅም። ጎረቤታቸው የምትኖር፣ ዕድሜዋ ከእናቱ የሚጠጋ ባለትዳር ሴት አለች፤ የገዛችውን ዕቃ ተሸክሞ ያግዛታል። ጣጣው ከዚያ ይመጣል። ኮንዶሚኒየም ለኖረ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሊፍት የለም። ዘይትና ዱቄት ይዞ የመጣ ሰው ሁልጊዜ የሆነ ልጅ ይጠራል። የማን በር እንደተከፈተ ከድምፁ ይታወቃል። ደረጃው ላይ የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ ልጁን ግን ታዳጊዎች የሚታሠሩበት ያስገባዋል። ከዚያ ወታደር ሆኖ ኢራቅ ይዘምታል። ከዚያ ለንደን ነው፤ የጭፈራ ቤት በር ጠባቂ። ቀጥሎ የሀብታሞች ሾፌር። ከዚያም በላይ ይወጣል።

እኔ የደረሰኝ ሁለተኛው ጥራዝ ነው። የልጅነቱን ነገር አላየሁም። ለንደን ውስጥ አንድ ዝምተኛ፣ ፈርጣማ ሰው አገኘሁ። ምን ቢሉት «ኦኬ» ይላል። ሥራ ቢሰጡት ኦኬ። ቢቆጡት ኦኬ። ቢያፈቅሩትም ኦኬ። ደነዝ መሰለኝ። ባንክ የምትሠራዋ ልጅ ደግሞ አንደኛው ጥራዝ ደርሷት አልቅሳለታለች። እሁድ ስንገናኝ ተጣላን። ስለ አንድ ሰው የምናወራ አንመስልም ነበር። እሷ ልጅ ነው ትላለች። እኔ ድንጋይ ነው እላለሁ።

ቆይቶ ገባኝ። ሁለተኛውን ጥራዝ ሳነብ አንድ ነገር እንደጎደለኝ አልተሰማኝም። ሊሰማኝ አይችልም፤ መጽሐፉ ራሱ ተቆርጦ ነው የተጻፈው። በምዕራፍና በምዕራፍ መሀል ዓመታት ይዘለላሉ። ጦርነቱ ከገጹ ውጭ ነው፤ የምናየው ከጦርነት የተመለሰውን ሰው ነው። ሌላ ደራሲ ሃምሳ ገጽ የሚያለቅስበትን ነገር ሶሎይ ባዶ ቦታ ትቶለት ያልፋል። ኢሽትቫን ደግሞ ስላለፈው የሚያወራ ሰው አይደለም። አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ምን እንዳሳለፈ በቅጡ አያውቁም። የምናውቀው እኛ ነን፣ ከመጀመሪያው ካነበብን። እኔ ግን ሁለተኛውን ጥራዝ ብቻ ይዤ ያየሁት ልክ ለንደን ያሉት ሰዎች እንደሚያዩት ነው። ከውጭ። ደነዝ ያልኩት ለዚህ ነው።

«ኦኬ» የምትለዋን ቃል ደግሞ እንያት። ሌሊት ጠባቂው ልጅ አንዳንድ ገጾችን ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብልናል። አንዱን ኦኬ «እሺ» አለው። ሌላውን «ይሁን»። ሌላውን «ደህና»። አንዱ ጋ ሲደርስ «በቃ» ብሎ አለፈ። ጋሼ አስቆሙት።

«አንድ ቃል አይደለም እንዴ? ምን ብለህ አራት ታደርገዋለህ?»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ አንድ ዓይነት እሺ የለንም» አላቸው።

ሳቅን። ልጁ ግን ልክ ነው። አለቃ ሲያዝ የሚባል እሺ አለ። እናት ስትለምን የሚባል እሺ አለ። ነገሩ እንዲያበቃ ብቻ የሚባል እሺም አለ። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ብለን የተረትን ሰዎች ነን፤ ስንቱን እምቢ በእሺ እንደምናልፍ እናውቀዋለን። ሶሎይ አንዲቱን ቃል ሳይለውጥ ደጋግሞ አስቀምጦ የትኛዋ እሺ እንደሆነች መለየቱን ለአንባቢው ትቶለታል። ተርጓሚ ሲመጣ ጉዱ ይፈላል። አራት ካደረጋት መጽሐፉን አብራርቶ አበላሸው። አንድ ካደረጋት አማርኛው ሊደርቅበት ነው። ግማሽ ሰዓት በዚህ ተከራክረን ሳንስማማ ተነሳን።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። መሀሉ ላይ የሀብታም ቤት ታሪክ ሲመጣ ወደ ተከታታይ ድራማ ያደላል። ባንክ የምትሠራዋ ደግሞ «ሴቶቹ በር ይከፍቱለትና ይጠፋሉ» አለች። ሦስቱንም ጥራዞች ከጨረስኩ በኋላ ይህን አባባሏን የሚያፈርስ ገጽ ፈልጌ አጣሁ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከስድስቱ አንዷ አዲስ አበባ የተወለደችው መዓዛ መንግሥቴ ነበረች። «ዘ ሻዶው ኪንግ»፣ በአማርኛ «የጥላው ንጉሥ» እንበለው። ሽልማቱን የወሰደው ስኮትላንዳዊው ዳግላስ ስቱዋርት ነው። ያኔ እኛ ዘንድ የነበረውን ሆይ ሆይታ አስታውሳለሁ። እንኳን ደስ አለን፣ ባንዲራ፣ የደራሲዋ ፎቶ። እኔም ሼር አድርጌያለሁ። መጽሐፉን ያነበብኩት ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሼር ካደረግነው ውስጥ ስንቶቻችን እንዳነበብነው እግዜር ይወቀው።

ልቦለዱ በአብዮቱ ሰሞን አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ይከፈታል። ሂሩት የምትባል ሴት ፎቶግራፍ የሞላበት ሳጥን ይዛ ተቀምጣለች። የምትጠብቀው ኤቶሬ የተባለ የቀድሞ የጣሊያን ወታደር ነው። ከዚያ ታሪኩ ወደ ወረራው ዘመን ይመለሳል። ሂሩት ወላጆቿን ያጣች፣ በኪዳኔና በአስቴር ቤት የምታገለግል ገረድ ናት። ከአባቷ የቀራት አንድ ውጅግራ ነው። ኪዳኔ ለዘመቻው ብሎ ይወስድባታል።

ውጅግራ የሚለው ቃል እንግሊዝኛው ውስጥ እንዳለ ነው የገባው። ለለንደን አንባቢ እንግዳ ስም ያለው ጠመንጃ ነው። ጋሼ ግን ቃሉ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ውጅግራ ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» የመጣ ስም ነው፤ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የሠሩት፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ መሣሪያ። ዓድዋ ላይ ተተኩሶበታል። ጣሊያን በአውሮፕላንና በታንክ ሲመለስ ዕድሜው ስልሳ ዓመት አልፎት ነበር። ልጅቷ የምትሟገትለት ነገር እንግዲህ ይህ ነው። ደራሲዋ ይህን ሁሉ አላብራራችም። ቃሉን ብቻ አስቀምጣ ሄደች። እኛ በአንዲት ቃል የምናገኘውን የቡከር ዳኛ አያገኘውም።

«ምንም»ም እንደዚያው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ተሰድደው እንግሊዝ ገብተዋል። አርበኛው ልቡ እንዳይሸሽ መልኩ ንጉሡን የሚመስል አንድ ድሃ ሰው ተፈልጎ እንደ ንጉሥ ይለብሳል። ሂሩት ጠባቂው ትሆናለች። የሰውየው ስም ምንም ነው። ፈረንጅ አንባቢ ትርጉሙ ይነገረዋል። እኛ ሳይነገረን እንስቃለን፣ ከዚያ ሳቃችን ይቆማል። «ንጉሡ ማነው?» «ምንም።»

የባንዲራው ግምገማ የዘለለው ግን ሌላ ነገር አለ። ኪዳኔ፣ ጀግናው አርበኛ፣ የጦር መሪው፣ ሂሩትን ይደፍራል። የመጽሐፉ ወገብ እሱ ነው። ደራሲዋ ስለ ሁለት ጦርነት ነው የምትጽፈው፤ አንዱ ከጣሊያን ጋር ነው፣ ሌላው እዚያው ሰፈር ውስጥ፣ በጌታና በገረድ መሀል። ያኔ በአማርኛ ካነበብኳቸው የደስ ደስ ጽሑፎች አንዱም ይህን አላነሳም። መታጨቱን ስታከብር እንዲህ ያለውን ገጽ ማንሳት ድግስ ላይ መርዶ እንደማውራት ነው። ዝም ይባላል።

ስለዚህ መጽሐፍ ባወራንበት እሁድ ቡናውን የምትቀዳው የቤቱ ሠራተኛ ነበረች። ልጅ ናት። እኛ «የሂሩት ድምፅ»፣ «ድምፅ የተነፈጋት ገረድ» እያልን ስንከራከር ጀበናውን ይዛ ቆማ ነበር። መሀል ላይ አንዳችን «ስኳር ጨምሪልን እስቲ» አልናት። ማናችንም ምንም አልታየንም። ለእኔ የታወሰኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ነው።

በአጻጻፉ ላይ ያለኝን ቅሬታ ግን አልሰውርም። ሁሉም ሰው በአንድ ዜማ ያስባል። ገረዷም፣ ንጉሡም፣ ጣሊያኑም። ቃላቱ ያምራሉ፤ ሃምሳኛው ገጽ ላይ ያማሩት መቶ ሃምሳኛው ላይም ያው እንደዚያ ያምራሉ፤ እኔ ይደክመኛል። ጋሼ አልተስማሙም። «እንደ ልቦለድ አታንብበው፣ እንደ ሙሾ አንብበው» አሉኝ። «ለቅሶ ቤት ሁሉም በየራሱ ዜማ ያለቅሳል እንዴ?» መልስ አልነበረኝም። ግማሽ መንገድ ተስማምቻለሁ። ግማሹን አልተስማማሁም፤ ሙሾ አራት መቶ ገጽ አይሄድም።

የ2024ቱን አሸናፊ፣ የሳማንታ ሃርቪን «ኦርቢታል» በአጭሩ ልለፈው። 136 ገጽ ነው። ስድስት ጠፈርተኞች ምድርን ይዞራሉ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ፀሐይ 16 ጊዜ ትወጣላቸዋለች። ሌላ ብዙ የሚሆን ነገር የለም። ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል። ሌሊት ጠባቂው ልጅ ግን በሦስት ሌሊት ጨርሶት መጣና «ይሄን የጻፈችው ሌሊት የማትተኛ ሴት ናት» አለ። በኋላ ሳጣራ ደራሲዋ እንቅልፍ አጥታ ስላሳለፈችው ዓመት ሌላ መጽሐፍ ጽፋለች። እኔ እንቅልፌን ስተኛ እሱ መጽሐፉን አንብቦታል ማለት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ላንሳ። የአማርኛ ልቦለድ እዚያ ዝርዝር ላይ ለምን አይታይም? ዋናው ቡከር በእንግሊዝኛ ለተጻፈ ብቻ ስለሆነ በሩ ዝግ ነው። ሌላ በር ግን አለ፤ ዓለም አቀፉ ቡከር። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በየዓመቱ ወደ እንግሊዝኛ ለተተረጎመ አንድ መጽሐፍ ይሰጣል። 50,000ውን ፓውንድ ደራሲውና ተርጓሚው እኩል ይካፈሉታል። እስከ 2025 ድረስ አሥር ጊዜ ተሰጥቷል፤ አሥሩም ጊዜ ለተለያየ ቋንቋ ነው የደረሰው። ኮሪያኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ፖላንድኛ፣ ዓረብኛ፣ ደችኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሂንዲ፣ ቡልጋሪያኛ፣ ጀርመንኛ፣ ካነዳ። የመጨረሻው አገሩ ካናዳ አይደለም። ደቡብ ሕንድ የሚነገር፣ እንደኛው የራሱ ፊደል ያለው ቋንቋ ነው።

በካነዳ የተጻፈው የባኑ ሙሽታቅ «ሃርት ላምፕ» የ12 አጫጭር ልቦለዶች መድበል ነው። ስለ ደቡብ ሕንድ ሙስሊም ሴቶች ይተርካል። ተርጓሚዋ ዲፓ ባሽቲ ብዙ የአገሩን ቃላት ሳትተረጉም፣ የግርጌ ማስታወሻም ሳታደርግላቸው ትታቸዋለች። የኛው ውጅግራ ዓይነት ነገር ነው። ዳኞቹ አልከበዳቸውም። ስለዚህ «ቋንቋችን ለፈረንጅ ይከብዳል» የሚለው ሰበብ አያስኬድም።

የኛን እንይ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ። በቀናት ውስጥ ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ ብሪታንያና አሜሪካ ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። አርባ ሁለት ዓመት። ያውም «ኦሮማይ»ን ነው የምላችሁ፤ ስሙን የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ የሌለውን መጽሐፍ። ዘንድሮ የወጣው፣ ገና ስም ያላወጣው ልቦለድ ተራው መቼ ይደርሰዋል?

የጎደለው ተርጓሚ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ከተርጓሚው በፊት ሌላ ሰው ያስፈልጋል። አንድ የውጭ አሳታሚ ቋንቋውን የማያነበውን መጽሐፍ ሊገዛ ሲያስብ ናሙና ምዕራፍ ይጠይቃል። ቀጥሎ መጽሐፉን ያነበበ ሰው የሚጽፈውን ግምገማ ይፈልጋል። ጥንካሬው የት ነው፣ የት ይደክማል፣ ከሌሎች በምን ይለያል? እኛ እሱን ከየት እናመጣለታለን? ያለን «ድንቅ ሥራ ነው፣ እጃችሁ ይባረክ» ነው።

የመጽሐፍ ምረቃ ላይ የተገኘ ሰው ያውቀዋል። ወመዘክር አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ። መድረኩ ላይ ሒሳዊ ዳሰሳ የሚያቀርበው ሰው የደራሲው ወዳጅ ነው። ሃያ ደቂቃ ያሞግሳል። መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ይጠርግና «እንግዲህ ሥራ ሆኖ ጥቂት የፊደል ግድፈቶች ይታያሉ፤ በሁለተኛው ዕትም እንደሚታረሙ ተስፋ አደርጋለሁ» ይላል። ጭብጨባ። ለስላሳ ይታደላል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ዳሰሳ አቅርቤያለሁ። ደራሲው ጓደኛዬ ነው፤ የሁለተኛውን ክፍል መሰልቸት አውቄ ዘልዬዋለሁ። እሱም አውቋል። እስካሁን አንነጋገርበትም።

ሽልማት ይህን ዝምታ ሊሰብር ይችል ነበር። ድሮ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሚሸልመው ሰውን ነበር፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1966 ገና በ29 ዓመቱ ተሸልሟል። ሰው ሲሸለም ክርክር አይነሳም፣ ይጨበጨባል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሆሄን የመሰሉ መጽሐፍን ከመጽሐፍ የሚያወዳድሩ ሽልማቶች ታይተዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጊዜ። የዕጩዎቹ ዝርዝር ከሽልማቱ ምሽት ሁለት ወር ቀድሞ ይውጣ። ዳኞቹም መጨረሻ ላይ ምክንያታቸውን ሁለት ገጽ ይጻፉልን። ለስዋሂሊ ሥነ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋቋመው ሽልማት ገና ያልታተመ ረቂቅ እንኳ ይቀበላል። እኛ እዚያ ባንደርስ ቢያንስ የታተመውን አንብበን እንጨቃጨቅ።

ለዳር ነዋሪ ይህ ሁለት ወር ቅንጦት አይደለም። ዝርዝሩ ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅ ቱሉ ዲምቱም መሀል ከተማም እኩል ይደርሳል። መጽሐፉ ግን እኩል አይደርስም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ነው። ደርሶ መመለስ ሙሉ ቅዳሜ ይበላል። መጽሐፍ አዟሪው እኛ ጋ የሚመጣው ደሞዝ ሰሞን ነው፤ የሚይዘውም ቶሎ የሚሸጥለትን ነው። አይፈረድበትም። ስለዚህ አንድ ዕጩ ልቦለድ ሰባታችን ጋ ለመድረስ ሳምንታት ይፈልጋል። ዕጩዎቹ በሽልማቱ ማግስት ከአሸናፊው ጋር አብረው ሲነገሩን እኛ የምናነበው የተፈረደበትን ነው።

ከ2025ቱ ስድስት የቡከር ዕጩዎች እጃችን የገባው «ፍሌሽ» ብቻ ነው። የኪራን ዴሳይ መጽሐፍ ይመጣል ተብሎ እየጠበቅን ነው። ወደ 700 ገጽ ነው አሉ። ጋሼ ስንት ቦታ እንደሚቆርጡት ከአሁኑ እያሰሉ ነው።

ኅዳር 1 ለንደን ላይ አሸናፊው ሲጠራ እዚህ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። ሁላችንም ተኝተናል። የነቃው መጋዘን የሚጠብቀው ልጅ ብቻ ነው። የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ያ የምላጩ መጽሐፍ በላ!» ብሎ ጻፈ። ጠዋት ስነቃ ከሥሩ አንድ መልስ ብቻ አየሁ። የጋሼ ነው።

«ሦስተኛው ጥራዝ ማን ጋ ነው ያለው?»